የሰረገው ቀለም

ባለፈው ሳምንት ደሴ ላቦራቶሪ የምትሠራው የእህቴ ልጅ ሥራዋን ልታሳየኝ አስገባችኝ። ከበሽተኛ የወጣ ቁራጭ ሥጋ በፋሻ ጠረግ ጠረግ አድርጋ አደረቀችና ዙሪያውን ጥቁር ቀለም ቀባችው። «ነቀርሳው ቀለሙን ከነካ ሰውየው ላይ የቀረ አለ ማለት ነው፤ ካልነካ ሙልጭ ብሎ ወጥቷል» እያለች ታስረዳኝ ጀመር። እኔ ይህን ካወቅሁት ሃምሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው።

ንጉሡ ከወረዱ ብዙ አልቆየም፤ ድርቁም ገና ከሰው ፊት ላይ አልጠፋም። መካነ ሰላም ክሊኒክ የሃያ ሁለት ዓመት ድሬሰር ነበርሁ፤ ችኩል፣ ደግሞም አውቃለሁ ባይ። ለረሃብተኛው ከአዲስ አበባ የተላከ ሐኪም ከሸማኔው ከይማም ቀኝ ክንድ እንቁላል የሚያህል እባጭ አወጣ። «ጠርዙ ንጹሕ ከሆነ እጁ ይተርፋል፤ ካልሆነ ይቆረጣል» አለኝ። ይማም በዚያ ክፉ ቀን ሦስት ልጆቹን የሚያበላው በዚያ እጅ ነበር።

የምንቀባው ቀለም አልቆብን ስለነበር ከቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ለምኜ አመጣሁ፤ ከጥላሸት የተበጠበጠ፣ በቀንድ የተቀመጠ። ሐኪሙ «መጀመሪያ ሥጋውን አድርቂው» ብሎኝ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ። ውጭ፣ እህል አራግፎ በዚያ ጭቃ ወደ ደሴ የሚመለሰው፣ ሥጋውንም ለምርመራ የሚወስድልን መኪና ክላክሱን ያንባርቃል። ቀለሙ ረግቶ አስቸገረኝ። ጸሐፊው ሲያደርግ እንዳየሁት ውሃ ጠብ አድርጌ አቀጠንሁት፤ ሥጋውን እንደ ረጠበ ቀባሁና መድኃኒት ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ከተትሁት። መኪናው ላይ ደረስሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ከስድስት ሳምንት በኋላ መልሱ መጣ። ቀለሙ ወደ ውስጥ ሰርጓል፤ ጠርዙን መለየት አልተቻለም ይላል።

«አድርቀሽው ነበር?» አለኝ ሐኪሙ።

«አዎን፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው ጉዱ ከቀለሙ ነው።» እየተጠራጠረ ሊተወው አልደፈረም፤ ይማምን ደሴ ላከው። ሲሰናበተኝ አልቅሼ ነበርና ያጽናናኝ እሱ ነው። «አብሽሪ እቱ፣ እጅ ከነፍስ አይበልጥም» አለኝ።

እጁ ተቆረጠ። የተቆረጠው ክንድ ተመርምሮ ወረቀቱ ሲመጣ ያነበብሁለት እኔ ነኝ፤ የነቀርሳ ምልክት አልተገኘበትም። ሁሉም በመጀመሪያው ቀን ወጥቶ ኖሯል። ይማም ግን «ድኛለሁ ማለት ነው? አልሐምዱሊላህ!» ብሎ በግራ እጁ ጨበጠኝ።

ዛሬ ሰማንያን አልፏል፤ በየአረፋው ይደውልልኛል። ዘንድሮ እነግረዋለሁ ብዬ ወስኜ ነበር።

«ነፍሴን ያተረፍሽ፣ አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው» አለኝ።

«አሚን» አልሁት።