«ባይቀበሉሽስ?»

ልጄን ለሕክምና ትምህርት ቤት ኢንተርቪው ሲጠሯት፣ አሜሪካ ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ያደረስኳት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ይጠይቁኛል ያለችውን ከወረቀት ታነባለች። ለምን ሐኪም መሆን ፈለግሽ ይላል አንዱ። እሱስ ደህና። ቀጥላ ያነበበችው ግን መሪውን ሊያስለቅቀኝ ነበር። «ባትገቢ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ይህን ራሳቸው ናቸው የሚጠይቁት?»

«ሁሉም ይጠይቃሉ። ባክአፕ ፕላን፣ መጠባበቂያ ዕቅድ ማለት ነው፣ አባዬ።»

እኛ ዘንድ የታመመን ሰው «ብትሞትስ?» የሚል የለም። ልጅ ሊጠይቅ የተላከን ሽማግሌም «እምቢ ቢሉህ ቀጥለህ ማን ቤት ትሄዳለህ?» አይሉትም።

«ሟርት ነው» አልኳት። «ሌላ ሐሳብ የለኝም በያቸው። ቆፍጠን ብለሽ።»

እሷ ደግሞ ያልኳትን ሰምታ አታውቅም። ካፖርት ልበሺ ስላት በሸሚዝ ትወጣለች። በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ይህንንም ትሰማኛለች አላልኩም።

አልተቀበሏትም። ደውላ ምን እንደጎደላት ጠየቀቻቸው። የነገሯትን ወጥ ቤት ቆማ ስትነግረኝ በአማርኛ ነበር።

«ባትገቢስ ሲሉኝ፣ ሌላ ሐሳብ የለኝም አልኳቸው። አላሰበችበትም ብለው ጻፉ።»

«ለምን እንደዚያ አልሽ?»

«አንተ አይደለህ ያልከኝ?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉ ምክሬ የሰማችኝ አንዱን ነው፤ እሱም ጎዳት።

በዓመቱ እንደገና ጠሯት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ፊቴ አስቀመጥኳት። አፌ አልታዘዝ እያለኝ፣ «ዘንድሮም ባይቀበሉሽስ?» አልኳት።

እናቷ አማተበች። «አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?»

«ዝም በይ፣ ትመልስ።»

ልጄ አልደነገጠችም። «ደግሜ አመለክታለሁ። እስከዚያ እዚሁ አሌክሳንድሪያ፣ አረጋውያን መጦሪያ ቤት መሥራቴን አልተውም። አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ። ከሐኪም በፊት መታመማቸውን የማውቀው እኔ ነኝ።»

እኔ እዚያ ወረቀት የምትጽፍ ነበር የመሰለኝ። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔን የሚያክሉ ሽማግሌዎች ገላ ስታጥብ ኖራለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅከኝማ።»

«በይ እንደዚሁ ንገሪያቸው፤ አንድ ቃል እንዳትቀንሺ» ብቻ አልኳት።

ነገረቻቸው፤ ተቀበሏት። እናቷ ስለቴ ሰመረ ብላ ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ አስገባች። እኔ አልተከራከርኳትም። ልጄን ግን ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ውሎሽ እንዴት ነበር እላታለሁ፤ አንዳንዴ በአማርኛ ትመልስልኛለች።