የደረጃዎቹ ባለቤት

ሰፈሩ «ጋሼ ደረጃ» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእንጨት ደረጃ ሲሠራ ኖሮ የገዛ ስሙን የሚያስታውስለት ሰው ጠፍቷል። ሥራው አይታማም፤ ቢወጡበት ቢወርዱበት ሲጥ አይልም። ጉዱ ሌላ ነው፤ ሰውየው ስለ ራሱ ማውራት ነውር ይመስለዋል። ልጁ ለድርጅቱ ደህና ዌብሳይት እናሠራ እያለች ሁለት ዓመት ወተወተችው።

«ዝም አይነቅዝም» ይላታል።

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ትለዋለች እሷም። ያኔ መላጊያውን አንስቶ ወደ ሥራው ይዞራል።

ዘንድሮ ገበያው ቀዘቀዘ። አዲስ የሚገነባ ቤተ መጻሕፍት ለትልቁ ጠመዝማዛ ደረጃ ባለሙያ ሲፈልግ ጋሼ ደረጃም ተወዳደረ። ይህ ሥራ ካመለጠው አራቱን ሠራተኞቹን በወሩ መጨረሻ ማሰናበቱ ነው፤ ካራቱ አንዱ ደግሞ የሚስቱ ወንድም ነው። በመራጩ ኮሚቴ ፊት በሚቀርብበት ዕለት ጠዋት አራቱም በር ድረስ ሸኙት።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሥራዎቹ የሚታዩበት ድረ ገጽ እንዳለው ጠየቀችው። እንደሌለው ነገራትና የሰፈሩን ክሊኒክ ደረጃ፣ ለልጆች ዝቅ ያለ ሁለተኛ መደገፊያ ያለውን፣ እሱ እንደሠራው አስረዳ። ሴትዮዋ ግንባሯን ቋጠረች። ኮምፒውተሯን ወደ እሱ አዞረችው።

የክሊኒኩ ደረጃ ቁጭ ብሏል። ሌሎቹም አሉ፤ አንድም የቀረ የለም። ከላይ የተጻፈው ስም ግን የቀድሞ ሠራተኛው የ«ቄንጠኛው» ነው። ቄንጠኛው ሁለት ዓመት እሱ ዘንድ ሲሠራ ከብርጭቆ ወረቀት ያላለፈ ሰው ነበር። አንድ ደረጃ ባለቀ ቁጥር ግን ፎቶ ያነሳል። ጋሼ ደረጃም «ፎቶ ከእንጨቱ ምን ይቀንሳል» እያለ፣ ሥዕሉ እንዲያምርለት አቧራውን በገዛ እጁ ይጠርግለት ነበር።

«እነዚህ የኔ ናቸው» አለ።

«ከእርስዎ ሌላ ይህን የሚመሰክር አለ?»

የክሊኒኩ ባለቤት ያውቃሉ አለ። ውሳኔው ከስድስት ሰዓት እንደማያልፍ ነገሩት፤ ሩብ ጉዳይ ነበር። እዚያው ቆሞ ደወለ፤ አይነሳም። ደግሞ ደወለ። በሦስተኛው ላቡ ስልኩን አረጠበው፤ ከኮሚቴው አንዱ ጎኑ ላለው «አስመሳይ» ሲል ጆሮው ጥልቅ አለች። ስድስት ሰዓት ሞላና አመስግነው አሰናበቱት።

ወደ ሥራ ቤቱ ሲመለስ አራቱ ቆመው ይጠብቁታል። ምን ብሎ እንደሚነግራቸው ሲያስብ ስልኩ ጮኸ። ክሊኒኩ መስሎት ቶሎ አነሳው፤ ቄንጠኛው ነው።

«ጋሼ፣ የቤተ መጻሕፍቱን ደረጃ አሸነፍኩ። ካንተ በቀር የሚሠራልኝ የለም፤ ሠራተኞችህንም ይዘህ ና። ብቻ እዚያ ስምህ ባይነሳ ጥሩ ነው። የኔን ሥራ እንደምትኮርጅ ጠርጥረዋል።»

ደሙ ፈላ። ሰድቦ ሊዘጋበት ቃጣው። ቀና ሲል ግን አራቱ አፍ አፉን ያያሉ።

«መቼ ነው የምንጀምረው?» አለ።

«የምንጀምረው» የምትለዋን ሲሰሙ ተቃቀፉ። የሚስቱ ወንድም መጥቶ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው።

«እኔ እኮ ብዬ ነበር፤ ሥራህን ያየ ሰው እንዴት እምቢ ይልሃል?»