ሁለት ምስክር የሚጠይቅ ግድግዳ

እናቴ አባቴን ግድግዳው ላይ ስትፈልግ ቆሜ አየኋት። ከመካነ ኢየሱስ ተነሥታ፣ በደብረ ታቦር ዞራ፣ ንፋስ መውጫ ድረስ የመጣችው ለዚህ ብቻ ነበር። መነጽሯን አጥልቃ ከበሩ ጀምራ የሟቾቹን ካርዶች አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ሄደች። ማንበብ ያስተማራት ባሏን የወሰደባት መንግሥት ነው። ስለዚህ ቀስ ብላ፣ ፊደሉን እንደማታምነው ሁሉ ሁለት ጊዜ እየደገመች ታነባለች።

«አባትሽ የትኛው ላይ ነው?»

«የለም፣ እማዬ።»

«አልደረሳችሁበትም?»

«ደርሰንበታል። ምስክሩ አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ነው።»

«ማን?»

«አንቺ።»

መነጽሯን አወለቀች። «እኔ ዳኛ ልውለድ ብዬ አልተሳልሁም» አለች።

ክፍሉ የማስተምርበት ትምህርት ቤት የቀድሞ የኬሚስትሪ ዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ በክረምት ዛሬም ድኝ ድኝ ይሸታል። በግራ በኩል ሆሎኮስት አለ፤ ናዚዎች የአውሮፓን አይሁድ ያጠፉበት እልቂት። ፎቶግራፎቹን የሰጠኝ ከዶክትሬቴ በኋላ ለጥቂት ዓመታት የሠራሁበት የባሕር ማዶ ሙዚየም ነው። በቀኝ በኩል በደርግ ዘመን የተገደሉ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰዎች አሉ። ሁለቱን ያስተያየሁት እኩል ናቸው ለማለት አይደለም፤ እንዲህ የሚል ተማሪ ካለ አስቆመዋለሁ። የአስተዋወስ ዘዴው አንድ ስለሆነ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሟች ይወስዳል፤ የተወለደበትን፣ የሠራውን፣ ማን እንዳለቀሰለት ይጠይቃል፤ ያገኘውን በመጠይቄ ላይ ይሞላል። ሁለት ምስክር ወይም አንድ ሰነድ ከሌለ ካርዱ አይሰቀልም። እልቂቱ አልተፈጸመም የሚሉ ሰዎች ሲሳያቸው አንድ የተሳሳተ ካርድ እንደሆነ በዚያ ሙዚየም በዓይኔ አይቻለሁ።

ወደዚህ የተመለስሁት በፈቃዴ ነው ማለት እወድ ነበር። እውነቱ ግን ዩኒቨርሲቲው ቦታዬን ከእኔ ያነሰ ለተማረ፣ ከእኔ የበለጠ ለሚስቅ ሰው ስለሰጠው ነው። የንፋስ መውጫው ትምህርት ቤት ግን አንድ ክፍልና የዓርብን ከሰዓት አልነፈገኝም። በመጀመሪያው ዓርብ አንድ ተማሪ፣ ጀርመኖቹ የተማሩ ሕዝብ ሆነው ሳለ ጎረቤታቸው የውኃ ጕድጓድ ይመርዛል የሚል ወሬ እንዴት እንዳመኑ ጠየቀኝ። እኔም ከእናንተ መካከል ቀጥቃጩ ቤት ገብቶ ውኃ የጠጣ ማን አለ ብዬ ጠየቅሁ። እጅ አልወጣም። ለምን እንደማይጠጡ ግን ሁሉም ያውቁ ነበር። የዚያን ዕለት ትምህርት በዚሁ አበቃሁ።

የእናቴ ጉዳይ ይህ ነው። አባቴ መምህር ነበር፤ ሲወስዱት እኔ ገና ጡት አልጣልሁም ነበር። አስከሬን አልተሰጣትም፤ ሞቷል የሚላት ሰውም አልመጣም። ሞቱን ሳታውቅ ጸሎተ ፍትሐት ማስደረግ በሕይወት ያለን ሰው መቅበር መሰላት። ጥቁር አልለበሰችም፤ ዳግም አላገባችም፤ ተዝካር አላወጣችም። ባል ያላትም መበለትም ሳትሆን አረጀች። አሁን ከሰማንያ አልፋለች፤ አንድ ሰው፣ ግድግዳም ቢሆን፣ ባልሽ ሞቷል እንዲላት ትፈልጋለች። እኔ ደግሞ ይህን ልላት የማልችለው ብቸኛ ሰው ነበርሁ፤ ማስረጃ የለኝማ።

ኩርፊያዋን ይዛ ቤቴ ሰነበተች። ዓርብ ግን ቀድማኝ ለባበሰችና ክፍሉ ውስጥ የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። በዚያን ቀን ተራው የአንዲት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ከጋይንቷ ቤተ ልሔም አካባቢ የመጣች፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ። ከደብተሯ የተቀደደ ወረቀት አውጥታ ዐሥራ አንድ ስሞች አነበበች። ሁሉም የክርስትና ስሞች ነበሩ።

«የማን ስሞች ናቸው?» አልኋት።

«በእስር ቤት የሞቱ ሰዎች፣ ቲቸር። የኔታ ከዳዊታቸው መጨረሻ ካለው ባዶ ብራና ላይ አስገለበጡኝ።»

«በእነዚህ ስሞች የተጠመቀ ሰው በአንድ ደብር ውስጥ ስንት ይሆናል?»

«ብዙ።»

«የዓለም ስማቸውስ?»

«የኔታም አያውቁት።»

«እንግዲያው ይህ ወረቀት ስለ ማን ይናገራል?»

ወረቀቱን አቀበለችኝ። ከወንዶቹ አንዱ «ሰማይ ቤት ስንሄድ እናጣራለን!» አለና ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ወረቀቱን መለስሁላትና ተቀመጪ አልኋት። ትክክል ነበርሁ። ትክክል በመሆኔ ደስ እንዳለኝም አልክድም።

«ልጄ» አለች እናቴ ከኋላ። «ሰባተኛውን ድገሚልኝ።»

ልጅቷ እኔን አየች። ከዚያ ደገመችው።

«እሱ ነው።»

«እማዬ፣ በዚህ ስም እኮ...»

«ቆርበን ነው የተጋባነው። ቄሱ ሲያቆርበን የጠራው በዚህ ስም ነው። አንቺ የአባትሽን የክርስትና ስም ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። የሦስት ወረዳ ሙታንን ስመዘግብ መጠይቄ የሟቹን የጫማ ዓይነት ሳይቀር ይጠይቃል፤ የክርስትና ስም የሚል መስመር ግን የለውም። መጠይቁን ያዘጋጀሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ዕለት እናቴን ይዤ ቤተ ልሔም ወረድሁ። የኔታ ቄስም የድጓ መምህርም ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ በተማሪ ተደግፈው ወጡ። በዚያ ዘመን ታስረው ከሞት የተረፉ ናቸው። ያለ ምንም ማባበያ ነገሩኝ። ዘበኛው በጣቱ ያመለከተው ሰው ወጥቶ አይመለስም። ስለዚህ ተራው የደረሰ የመሰለው ሁሉ ወደ እሳቸው ጠጋ ይልና የክርስትና ስሙን ይሰጣቸዋል፤ ለፍትሐት የሚያስፈልገው እሱ ነውና። ከእስር ከወጡ በኋላም እንዳይረሱት ከዳዊታቸው መጨረሻ ጻፉት።

«የዓለም ስማቸውን ለምን አልያዙም፣ የኔታ?»

«ብገረፍስ? የማላውቀውን ከየት አምጥቼ እናገራለሁ? እነሱም ቤተ ሰብ ነበራቸው።»

ማስታወሻዬን ገለጥሁ። «አንድ ረዥም መምህር ያስታውሳሉ? የእስቴ ሰው?»

«ልጄ፣ ሁሉም ረዥም ነበሩ። እኔ ተቀምጬ ነበርሁ።»

እናቴ መጠይቄን አልጠበቀችም። «ፍትሐት ተደርጎለታል፣ አባቴ?» አለቻቸው።

«ተደርጎለታል። ስሙ በቅዳሴ ያልተነሣበት ዓመት የለም።»

ጐንበስ ብላ መስቀል ተሳለመች። አላለቀሰችም። ወደ ቤት ስንመለስ በገበያው በኩል እንድናልፍ ጠየቀችኝና ጥቁር ቀለም ገዛች።

በቀጣዩ ዓርብ ልጅቷን በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት፤ አጭር ነበር፤ ልምዱ የለኝም። በመጠይቁ ላይ አንድ መስመር ጨመርሁ። ዝርዝሩን በእጅ ጽሑፏ እንዳለ ሰቀልሁት፤ ከሥሩም «ዐሥራ አንድ ሰዎች። የዓለም ስማቸው ያልታወቀው እንዳይታወቅ ተብሎ ነው» ብዬ ጻፍሁ። የአባቴን ካርድ ግን አልሰቀልሁም። እናቴ ስለ ባሏ ትመሰክራለች፤ የኔታ ስለ አንድ ስም ይመሰክራሉ፤ ሁለቱ አንድ ሰው ስለመሆናቸው ማስረጃ የለኝም። የኔታ ማስረጃው እንዳይኖር ያደረጉትም የሟቹን ቤተ ሰብ ለማዳን ብለው ነው። ይህን ለእናቴ ነገርኋት። «ግድግዳሽን ለራስሽ ያዢው» አለችኝ፤ ኩርፊያ ግን አልነበረበትም።

ቅዳሜ መናኸሪያ ሸኘኋት። ቀሚሷንም ነጠላዋንም ጥቁር ነክራ ለብሳ ነበር፤ ቀለሙ ገና ስለሚለቅ እጇን አጥቁሮታል። አውቶብሱ ውስጥ ከጎኗ የተቀመጠችው ወጣት ሴት አየቻትና ወደ መስኮቱ ጠጋ አለችላት።

«ማን ሞቶብዎት ነው፣ እማማ?»

«ባሌ።»

«እግዜር ያጥናዎት። መቼ ነው?»

እናቴ በመስኮቱ በኩል ወደ እኔ ተመለከተች። ደብተሬ እጄ ላይ ነበር።

«ማክሰኞ» አለች።

አላረምኋትም።