የአብተው ደም ከሸዋወርቅ ክንድ

አብተው ዝዋይ ሐይቅ ላይ መረብ ሲጥል አሥር ዓመት ሞልቶታል። ጉማሬ ጀልባውን ቢገለብጥበት እየዋኘ የወጣ ጎበዝ ነው። ታዲያ ይህ ጎበዝ የፈራው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር!

በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ሰውነቱ ይከሳ ጀመር። ናዝሬት ዓሣ ባደረሰ ቁጥር መሸታ ቤት እንደሚያድር ሚስቱ ሸዋወርቅ ታውቃለች፤ ዝም ብላ ነው እንጂ። እሱ ግን «የሐይቁ ብርድ ነው» እያለ ጥሬ ዓሣውን በአረቄ ያወራርዳል። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር እናትነሽ ሐይቁ ዳር መጥታ ስለ ኤድስ አስተማረች፤ «ደማችሁን ለምርመራ ስጡ» ብትል ወንዶቹ ሳቁባት። ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ሕፃን ካቀፉ ሴቶች መሀል ተቀምጦ እጅጌ መሰብሰብ ለነሱ ሞት ነው። አብተውም ከሌሎቹ ጋር ሳቀ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከሚስቱ ተለይቶ መደብ ላይ መተኛት ጀመረ።

ስድስት ወር እንዲህ ቆይቶ፣ «አንቺ ሂጂና ስጪ» አላት። «በቁርባን አይደል የተጋባነው? አንድ አካል አንድ አምሳል ነን። ያንቺ ደም የኔም ደም ነው።»

ምን ዓይነት ጉድ ነው! ከአንድ መረብ የወጣ ዓሣ እንኳ አንዱ ይሸታል፣ አንዱ ደህና ነው።

ሄደች። ደሟ አዲስ አበባ ተልኮ ከበሽታው ነፃ ነሽ የሚል ወረቀት ተሰጣት። ሲስተር እናትነሽ «ይሄ ያንቺ ብቻ ነው፤ እሱ ራሱ ሳይመረመር አብረሽው እንዳትተኚ» ብላ አስጠነቀቀቻት። ሸዋወርቅ ቃል በቃል ነገረችው። እሱ የፈለገው ወረቀቱን ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ደረት ኪሱ ከተተውና፣ ስሟን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ «ተመረመርኩ፣ ነፃ ነኝ» እያለ ለጓደኞቹ አሳየ።

ከዚያማ ወደ አልጋው ተመለሰ። እምቢ ብትለው «ወረቀት እያለ ባልሽን ትጠረጥሪያለሽ?» አላት። ለማን ትናገር? ሽማግሌው ሁሉ የሱ ወገን ነው።

በዓመቱ አረገዘች። ደሟ እንደገና ሲታይ በሽታው ተገኘባት። ወሬው፣ ማን እንዳወጣው እግዜር ይወቅ፣ ሐይቁ ዳር ደረሰ።

የጀልባ ጓደኛው መርዳሳ ከሌሎቹ ዓሣ አጥማጆች ጋር የዓሣ ቅርፊት እየላጠ፣ «አንተ ንጹሕ ነህ፤ እሷ ከየት አመጣችው?» አለው።

አብተው አንገቱን ደፋ። «የሴት ነገር ምን ይታወቃል» አለ።

ሸዋወርቅ ምሳውን ይዛ ከኋላው ቆማ ነበር። የምሳ ዕቃውን አሸዋው ላይ አስቀመጠች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ያ ወረቀት የኔ ነው። ስሙን አንብቡት። እሱ እስከ ዛሬ ደሙን አልሰጠም።»

አብተው ደረት ኪሱን በመዳፉ ያዘ። መርዳሳ አቀርቅሮ ቅርፊት መላጡን ቀጠለ፤ ሌሎቹም እንደዚያው። ከነዚያ ሁሉ ወንዶች ወረቀቱን አምጣና እንየው ያለ አንድም አልነበረም።