ትራስ ላይ የተቀመጠችው ቅቤ

በረዶ ይሉት ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ፍሪጅ ሲጠግን ኖሮ፣ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሰው ሰው ጠፋ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና። ሱቁ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ደጃፏ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ፍሪጆች አፋቸውን ከፍተው ይቆማሉ።

አንድ አመል ነበረው። የጠገነውን ፍሪጅ በቅቤ ሳይፈትን አያስረክብም። እንቁላል የምታህል ቅቤ በሲኒ አድርጎ ውስጡ ያሳድርና ጠዋት በአውራ ጣቱ ይጫናታል። ጣቱ ከሰመጠ ፍሪጁ ከቤት አይወጣም። ባለቤቱ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ "እኔ ተስማምቻለሁ" ቢል፣ "ቅቤዋ አልተስማማችም" ብሎ ፊቱን ያዞራል።

አንድ ቀን ጎረቤቱ ጡረተኛው ሾፌር መጣ። ሾፌሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለች ቫን አለችው። የኋላ ወንበሮቿን ነቅሎ አልጋና ቁም ሳጥን ገጥሞላት፣ ከሚስቱ ጋር ያልዞሩበት አገር አልነበረም። ሚስትየው ልቧን ከታመመች ወዲህ ግን ሐኪሙ ከሙቀት ራቂ ብሎ አጥብቆ ስለከለከላት፣ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ቀረች። ከእናቷ ልጆች የቀረላት አንድ ታላቅ ወንድም ደግሞ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ፣ ድንጋዩ የሚፋጅበት ቆላ ውስጥ ነው። እሱ ከአልጋ አይነሳ፣ እሷ ቆላ አትወርድ። በስልክ "አለሽ?" "አለሁ" ሲባባሉ ሦስት ዓመት ሄደ።

"መኪናዋን ፍሪጅ አድርግልኝ" አለ ሾፌሩ። "ቤቱስ ደህና ነው፤ እዚያ ወንድሟ ቤት መኝታውን ሁሉ የሚያቀዘቅዝ ማሽን አለ። የቸገረኝ መንገዱ ነው።"

"ምን ልታስቀምጥባት ነው?" አለ በረዶ፣ እያወቀ።

"እኔ ብበላሽ ግድ የለም። እሷን ነው።"

በረዶ መፍቻ አላነሳም። በቀትር ፀሐይ መስኮቶቹን ዘግቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ አልጋው ላይ ተጋደመ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ወጣና፣ "ጠላታችን ጣሪያው ነው" አለ። ጣሪያውን ከውስጥ ወፍራም ስፖንጅ አለበሰው። ከተጋጨች መኪና የተፈታ ኮምፕሬሰር አምጥቶ ከሞተሩ ጋር ቺንጋ በሚሉት የጎማ ቀበቶ አገናኘ። ቱቦዎቹን በወለሉ ሥር አሳልፎ፣ ቀዝቃዛው አየር በአልጋው ራስጌ እንዲወጣ አደረገ። ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚተፋውን ክፍል ከራዲያተሩ ፊት አሰረው። እያንዳንዱን መጋጠሚያ፣ ጋዝ ያሾልክ እንደሆነ፣ የሳሙና አረፋ እየቀባ፣ ዓይኑን አስጠግቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ያየው ነበር።

የፈተናው ቀን ቅቤዋ በሲኒዋ ሆና ትራሱ ላይ ተቀመጠች። ሚስትየው በሩን ተደግፋ፣ "ቦታዬን ወሰደችብኝ እኮ" ብላ ሳቀች። ሁለቱ ወንዶች ረጅሙን ዳገት ተያያዙት። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ቡልቅ አለ።

ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመና ወደ ኋላ ዞሮ አየ። "ቅቤህ ደህና ናት። መኪናዬን ግን ቀቀልካት።"

በረዶ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። "ፍሪጅ ዳገት አይወጣማ" አለ። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ቆሞ የሚውል ዕቃ ነው። የሚተፋው ሙቀት ራዲያተሩ አፍንጫ ላይ እንደሚያርፍ፣ ለአሮጌ ሞተር ደግሞ ዳገት ላይ የራሱ ሙቀት እንደሚበቃው አላሰበውም።

"በቃ ዳገት ዳገቱ ላይ ማቀዝቀዣውን እናጠፋዋለን" አለ ሾፌሩ።

"ልቧስ እስክትወጡ ይጠብቃችኋል?"

በረዶ ግቢ እንደገቡ በቀጥታ ወደ ሴትዮዋ ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን በመኪናዋ እርጅና ያሳብብ ነበር። "እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዘጠኝ ቀን ይጨምሩልኝ።"

"ሦስት ዓመት የጠበቅሁ ሴት ዘጠኝ ቀን ያቅተኛል?" አለችው።

ሁሉንም ፈታ። ያን ሙቀት ተፊ ክፍል ጣሪያ ላይ አወጣው፤ ከሞተሩ ርቆ በራሱ እንዲተነፍስ ሁለት ፋን ገጠመለት። በዘጠነኛው ቀን ዳገቱን ወጡ፣ ወረዱ፣ ደግመው ወጡ። የሙቀት መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። በረዶ ወደ ኋላ ተንጠራርቶ ቅቤዋን ተጫናት።

"ተስማምታለች" አለ።

ባልና ሚስቱ በማግስቱ ሲነሱ ሲኒዋን ከነቅቤዋ ይዘው ሄዱ። በረዶ ሁለት ቀን ሥራ አልያዘለትም፤ አንዲት ብሎን ሲፈታና ሲያስር ዋለ። ዳቦ ጋጋሪዋ ትኩስ ዳቦ ብትሰጠው ሳይቆርሰው ደረቀ። በሦስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ።

"ደርሰናል" አለች ሴትዮዋ። "ወንድሜ ቅቤሽን ዳቦ ላይ ልቀባ ብሎ ማንኪያ አልገባ አለው። ቢላ አምጡ እያለ ቤቱን አወከው።"

"ጣት አይሰምጥም?"

"አይሰምጥም።"

"እርስዎስ፣ እትዬ?"

"እኔማ እጁን ይዤ ተቀምጫለሁ።"

ስልኩን ዘግቶ የደረቀውን ዳቦ አነሳ። ዳቦ ጋጋሪዋ እንደምትለው ያን ቀን በግድግዳው በኩል ሲያፏጭ ሰማችው፤ በሃያ ዓመት ጉርብትናቸው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምታው አታውቅም።