በርበሬው ወፍጮ ቤት ሳይገባ

አክስቴ በርበሬ የምታዘጋጀው ለሦስት ቤት ነው። አንደኛው መካኒሳ አቦ አብረን የምንኖርበት የራሷ ቤት ነው፤ ሁለተኛው ሀና ማርያም ያለው የሴት ልጇ፣ ሦስተኛው ለቡ መብራት ኃይል ያለው የወንድ ልጇ። ሦስቱ ቤቶች የሚወዱት በርበሬ አይመሳሰልም። ሴት ልጇ ትንንሽ ልጆች ስላሏት ፍሬው የተራገፈ፣ ለዘብ ያለ ትፈልጋለች። ወንድ ልጇ ደግሞ ግንባሩን ላብ ካላጠመቀው ወጥ የበላ አይመስለውም። ስለዚህ ጥር ሲገባ፣ ዛላው ገና ግቢው ውስጥ ሸራ ላይ ተሰጥቶ ሳለ፣ አክስቴ በእኔ ታስደውልና አንድ በአንድ ትጠይቃቸዋለች። ምን ያህል ያቃጥል? ኮረሪማው ይብዛ ወይስ ይነስ? ጨው እኔ ላግባበት ወይስ እናንተ ትጨምራላችሁ?

«አሁን ተናገሩ» ትላቸዋለች። «ወፍጮ ቤት ከገባ ወዲያ አቤቱታ የለም።»

«እማ፣ የቀበሌ ስብሰባ አስመሰልሽው እኮ!» ይላታል ወንድ ልጇ፣ በየዓመቱ።

«ስቀህ ስትጨርስ መልሱን ንገረኝ።»

እኔ እዚህ ቤት የመጣሁት እናቴ ስታርፍ ነው። እናቴ የአክስቴ ታናሽ እህት ነበረች። አክስቴ ከደቡብ በአውቶቡስ አምጥታ ከልጆቿ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ አስተኛችኝ፤ ከአንድ ትሪ አበላችኝ። ትምህርት የጀመርኩት ግን ዘግይቼ ነው። የአክስቴ ባል አልጋ ላይ ውሎ ስለነበር ቤት የሚውል ሰው ያስፈልግ ነበር። አክስቴ ይህን ነገር ዛሬም እያነሣች ትጸጸታለች፤ እኔ ከተውኩት ቆይቷል። እሳቸው ካረፉ በኋላ የማታ ትምህርት ቤት ራሷ ወስዳ አስመዘገበችኝ። እኔ ፊደል ስቆጥር የአክስቴ ልጅ ማትሪክ ለመውሰድ ታጠና ነበር። የራሷን ደብተር ዘግታ ሆሄያቱን ያስያዘችኝም እሷው ናት፤ «ሰ»ን ስሳሳት በእርሳስ ጣቴን እየመታች።

አክስቴ ራሷ ማንበብ አትችልም። እኔ መጻፍ የቻልኩ ለታ ግን ቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ጽሑፍ ለበሰ። ነጭ ፕላስተር ትቆርጥልኝና የሽሮውን፣ የምጥኑን፣ የአጃውን ክዳን ሁሉ ታስጽፈኛለች። የበርበሬ ባልዲዎቹ ላይ ደግሞ የባለቤቶቹን ስም። ጽፌ ስጨርስ እኔን አታስነብበኝም፤ ልጇን ወይም በግቢው ያለፈ ሌላ ሰው ትጠራለች። መጀመሪያ ላይ ያላመነችኝ መስሎኝ ከፍቶኝ ነበር። አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቅኳት።

«የጻፈ ሰው የጻፈውን አያነብም» አለችኝ። «ያሰበውን ነው የሚያነበው።»

እውነቷን ነበር። አንድ ጥር የወንድ ልጇን እሳት በርበሬ በሴት ልጇ ስም ጽፌበት ሁለት ጊዜ አንብቤው አልታየኝም። ልጅቷ መጥታ ስሟን አነበበች፤ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና፣ «ልጆቼን ልታነጂያቸው ነው እንዴ?» ብላ ጮኸች። እስካሁን በዚያ ትቀልድብኛለች።

አክስቴ በሌላውም ነገር እንዲሁ ናት። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበትን ቀን ትጠብቅና የመጠጡን፣ የልብሱንና የመጸዳጃውን ለየብቻ ታስሞላለች። የክረምቱን ከሰል ፀሐይ ሳለ ትገዛለች። እድሯን አሳልፋ አታውቅም። ለራሷ ቀብር የሚሆነው ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ሁሉ አስቀድሞ የተሰናዳ ነው። ይህን ሁሉ አሳምራ የምታሰላ ሴት ከቀብሯ ማግስት ስላለው ቀን ግን አንድም ቀን ስታወራ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ካቻምና ክረምት ደም ግፊቷ ተነሥቶባት ተኛች። የእድሩ ዳኛ ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው ሊጠይቋት መጡ። ሻይ ሳቀርብ አክስቴ በክንዷ ተደግፋ ቀና አለች።

«ስሙኝማ» አለቻቸው። «የጓሮዋ ቤት የዚህች ልጅ ናት። እኔ ባልኖር ማንም ውጪ እንዳይላት።»

«ጌታ ዕድሜ ይስጥሽ እንጂ፣ ሰምተናል» አሉ ዳኛው። ሦስቱም አንገታቸውን ነቀነቁ። አክስቴ እፎይ ብላ ተመልሳ ተኛች።

የጓሮዋ ቤት ሁለት ክፍል ናት። አንዷ ክፍል አልጋዬን፣ ሌላዋ መጻሕፍቴን ይዛለች። ጣሪያዋ ዝናብ ሲመጣ እርስ በርስ መደማመጥ አያስችልም፤ ለእኔ ግን በሕይወቴ በሬን ዘግቼ ያነበብኩባት የመጀመሪያዋ ቦታ ናት። የዚያን ቀን ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። የምሠራው አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ነገር ሳላጣራ አላልፍም፤ ይህ አመሌ ነው። ስለ ውርስ የተጻፈውን አውጥቼ አነበብኩ። በቃል የተነገረ ኑዛዜ ለቀብር ሥርዓትና ለጥቃቅን ስጦታ ይሆናል እንጂ ቤት አያወርስም። የቤት ኑዛዜ ይጻፋል፣ በተናዛዡና በምስክሮች ፊት ይነበባል፣ እዚያው ይፈረማል። ይህ ካልሆነ ቤቱ ለልጆቿ ያልፋል፤ እኔ የእህት ልጅ ነኝ፣ ድርሻ የለኝም። ልጆቿን አልጠረጠርኩም። ነገር ግን ከእነሱ ኋላ ሌላ ሰው ይመጣል። ደላላው እንደሆነ ዛሬም በሩን እያንኳኳ «ይህ ቤት አይሸጥም?» ይላል።

ታዲያ ማን ይንገራት? ሰው ሳይሞት ውርስ ያነሣ ሟርተኛ ይባላል። ስለ ራሱ ድርሻ ያነሣ ደግሞ ከሟርተኛም ይብሳል። ያሳደገችኝን ሴት፣ ገና ከአልጋ ተነሥታ ዱላ ይዛ ስትራመድ፣ «የነገርሻቸው አይበቃም፣ ጻፊልኝ» ልበላት? ዝም አልኩ። በጓሮዋ ቤት መጻሕፍቱን ስደረድር ግን እንደ ድሮው ግድግዳው ላይ ሚስማር ለመምታት እጄ እምቢ አለኝ።

አምና ጥር በርበሬው ከወፍጮ ቤት የመጣ ለታ የአክስቴ ልጅ ልታግዘን ከሀና ማርያም መጥታለች። ሁለቱን ባልዲዎች ጽፌባቸው ፕላስተሩ አለቀ። ሦስተኛው፣ የእኛው ቤት ባልዲ፣ ባዶውን ቀረ።

«ይሄ የቤቱ ነው እቴቴ፤ ሁሉም ያውቀዋል» አልኳት አክስቴን።

«ሁሉም ያውቃል ማለት ማንም አይጠየቅበትም ማለት ነው። ሄደሽ ፕላስተር ግዢ።»

የአክስቴ ልጅ እጇን ከበርበሬው እያራገፈች ሳቀች። «እማዬ፣ ለበርበሬ ባልዲ ፕላስተር ካልተገዛ ትያለሽ። የጓሮዋን ቤትስ በምን ለጠፍሽው? በእድር ዳኛው ጆሮ?»

እግሬ በር ላይ ቀረ።

«ምን አልሽ?» አለች አክስቴ።

«ቤት በአፍ አይወረስም እማዬ። መሥሪያ ቤታችን ያለች ልጅ እናቷ በቃል ነግረው አረፉ፤ ይኸው እሷና ወንድሞቿ ፍርድ ቤት ናቸው።»

«አራት ሽማግሌ ሰምቷል!»

«ሽማግሌዎቹስ ስንት ዓመት ሊኖሩ ነው?»

«በኢየሱስ ስም! ቤቴ ውስጥ የሞት ወሬ እንዳታወሪ!»

«እኔ ሞት አላልኩም። ፕላስተር ነው ያልኩት።»

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ነሽ የነገርሻት?»

«ይቺ?» አለች ልጇ ቀድማኝ። «ይቺ ስትታመም እንኳ አልናገርም ብላ አይደል እንዴ ትርፍ አንጀቷ ሊፈነዳ የነበረው?»

ፕላስተር ልገዛ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ከአባታቸው የደረሳቸውን ልጆቹ ለእናታቸው ትተው ቤቱ በአክስቴ ስም ዞሯል። ያለ ኑዛዜ ቢቀር የጓሮዋ ቤት ግማሽ የዚያችው ልጅ ነው። ይህን አሳምራ ታውቃለች። እያወቀች ነው አፏን የከፈተችው፤ ሆሄ ያስያዘችኝ ልጅ፣ እኔ መናገር ያቃተኝን እየሳቀች ተናገረችልኝ።

አክስቴ ለጥቂት ቀን አኮረፈች። ለልጇ ስልክ አላነሣችም፤ እኔንም «እህ» እያለች ብቻ መለሰችልኝ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ «ለወንድምሽ ደውዪልኝ» አለች። የበርበሬው ሥራ አልቋል፤ ምን ልትጠይቀው ይሆን ብዬ ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩላት።

«ስማ» አለችው ሰላም እንኳ ሳትለው። «ይሄ ቤት ነገ የእናንተ ሲሆን ምን ልታደርጉት ነው? ትሸጡታላችሁ? ታከራዩታላችሁ? አሁን ተናገር፤ ወፍጮ ቤት ሳይገባ።»

ያ ቀልደኛ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም። «ፊት ለፊት ያለውን ለእኔና ለእህቴ እኩል አድርጊው። የጓሮዋን ለእሷ። እሷ ከሌለችበት መካኒሳ ማን ጋ ብዬ ልመጣ ነው?» አላት።

ቀጥላ ከሴት ልጇ ጋር ታረቀችና እሷንም ጠየቀች። መልሱ አንድ ነበር። ስልኩን አስቀምጬ ልነሣ ስል፣ «አንቺስ?» አለችኝ።

በየዓመቱ ስትጠይቅ እኔን ጠይቃኝ አታውቅም። ቤት ያለ ሰው የቤቱን ይበላል።

«ያለሁበት ልኑር።»

«ትኖሪያለሽማ። እኔ ምን ትፈልጊያለሽ ነው የምልሽ።»

«መተላለፊያው ይጻፍልኝ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «የፊቱ ቤት አንድ ቀን ቢሸጥ ከጓሮ ወደ በሩ የምወጣበት እንዳይዘጋብኝ። የውሃው መስመርም።»

አክስቴ አፏን ይዛ አየችኝ፤ ከዚያ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «አይ የኔ ዝምተኛ! እስከ ቧንቧው ድረስ አስበሽው ኖሯል!»

ልጇ ከቤተ ክርስቲያን የምታውቃት ጠበቃ እኛ ቤት ድረስ መጣች። አክስቴ መጀመሪያ ያለችው፣ «እሷ ትጻፈው፤ የዚህ ቤት ጸሐፊ እሷ ናት» ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። ድርሻ ያለው ሰው በእጁ ባይጽፈው ይሻላል፤ ነገ ጥያቄ ያመጣል። ጠበቃዋ ጻፈች። ያኔ በቃል የሰሙት አራቱም ሽማግሌዎች ሳሎን ውስጥ ተቀምጠዋል። ጠበቃዋ፣ ኑዛዜው በአክስቴና በምስክሮቹ ፊት መነበብ እንዳለበት፣ ሕጉ እንደዚያ እንደሚል አስረዳቻት።

«ጮክ ተብሎ? ሰው ሁሉ እየሰማ?» አለች አክስቴ።

«አዎ እናቴ።»

«እንዲህ ነዋ!» ብላ ወደ እኔ ጠቀሰች። «ሕጉም በርበሬ ያዘጋጃል ማለት ነው። እንግዲያው ጠበቃዬ፣ አንቺ የጻፍሽው አታንቢው፤ እሳቸው ያንብቡት።»

የእድሩ ዳኛ መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ። የፊቱ ቤት ለሁለቱ ልጆቼ እኩል። የጓሮው ቤት ለእህቴ ልጅ። ወደ ዋናው በር የሚያወጣው መተላለፊያና የውሃው መስመር እንዳይዘጋባት። «እንዳይዘጋባት» ሲሉ የአክስቴ ልጅ ከጎኔ ሆና በክርኗ ጎሰመችኝ። አክስቴ አውራ ጣቷን አተመች፤ አራቱም ፈረሙ። ከዚያ ዱላዋን ይዛ ተነሣችና፣ «በሉ፣ አሁን ምሳ» አለች። የዚያኑ ሳምንት መጻሕፍቴ ክፍል ግድግዳ ላይ መደርደሪያ አስመታሁ።

ዘንድሮም ዛላው ተሰጣ። አክስቴ ደም ግፊቷ ልክ ገብቷል፤ ዱላውን በር ሥር ትታው ዶሮ ለማባረር ብቻ ታነሣዋለች። ስልኩን አስደውላ ሁለቱን ጠየቀች። ወንድ ልጇ «የቀበሌ ስብሰባ» አለ፤ እሷም የዘወትሩን መለሰች። ከዚያ ሸራው ላይ ወዳለሁበት ዞረች።

«አንቺስ? ምን ያህል ያቃጥል?»

«እኔ የቤቱን ነው የምበላው እቴቴ።»

«የቤቱ የእኔ ነው። የአንቺ ምን ያህል ያቃጥል አልኩ።»

«ለዘብ ያለ» አልኳት።

እጇ ላይ የነበረውን ዛላ ጣለችው። «ለዘብ ያለ? ይሄን ሁሉ ዓመት ማዕድ ላይ ዓይንሽ እንባ ሲያቀርር ጉንፋን ነው ስትዪኝ?»

ዘንድሮ ባልዲዎቹ አራት ሆኑ። የእኔዋ ትንሽ ናት፤ ፍሬው ተራግፎላታል። ፕላስተሩን ቆርጬ ስሜን ጻፍኩባት። አላነበብኩትም፤ የአክስቴ ልጅ ከሀና ማርያም እስክትመጣ ጠበቅኳት።