ጉማሬው ስንተኛ ክፍል ነበር?

ልጄ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ሻንጣዋን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ባለፈው ከልብሷ መሃል አንዲት ትንሽ ከረጢት ወጣችና አፏን ስፈታው ነጭ ዱቄት እጄ ላይ ቦነነ። ሽታው የጠመኔ ነው። ድንጋይ መውጣት የምትለማመድበት ቤት አለ፣ ላብ እንዳያንሸራትታት እጇን የምትቀባው እሱን ነው። መውጫዎቹ ሁሉ የክብደት ደረጃ አላቸው አለችኝ፤ ከዜሮ ይጀምርና ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ይከብዳል፤ የሚለካውም የድንጋዩ ቁመት ወይም አስፈሪነቱ ሳይሆን ከእጅና ከእግር የሚጠይቀው ነገር ነው። መጀመሪያ የወጣው ሰው ደረጃ ይሰጠዋል፣ ከኋላው የወጡት ያጸድቁታል ወይም ይቀንሱታል። ሳቄ መጣ። ይሄን እኛ ልጆች ሆነን ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ሳለን ስንሠራበት ነበር።

እኛ ደረጃ አንልም፣ ክፍል ነበር የምንለው፤ ከትምህርት ቤት ሌላ የምናውቀው መለኪያ አልነበረንም። ከሰፈራችን በላይ ተዳፋቱ ላይ የተበተኑት ቋጥኞች ፍየልም ከሚወጣው አንደኛ ክፍል እስከ ሰባተኛ ተመድበው ነበር፤ ከዚያ በላይ ያለው ሚኒስትሪ ይባላል፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ትልልቆቹን ሲያስለቅስ እናይ ነበርና። ከሰሌዳው ሥር የለቀምነውን የጠመኔ ስባሪ ፈጭተን መዳፋችንን እንቀባለን፤ ቀሚሳችን ላይ ያዩት እናቶቻችን ሰሌዳ ላይ ስንጽፍ የዋልን ይመስላቸው ነበር።

ጉማሬው የምንለው ድንጋይ ግን ክፍል አልነበረውም፣ ማንም አልወጣውማ። ሆዱ ወደ ውጭ ያበጠ፣ ዝናብ ያለሰለሰው ነው፤ መሃሉ ላይ ጥፍር ብቻ የምታስገባ ስንጥቅ አለችው። ክረምቱ አልፎ ድንጋዩ በደረቀ ሰሞን እኔ፣ የሰፈሩ አጭሯ ልጅ፣ በዚያች ስንጥቅ ተንጠልጥዬ ወጣሁት። ከላይ ሆኜ "ሚኒስትሪ!" ብዬ ጮህኩ። እንዲጸድቅልኝ ሌላ ሰው መውጣት ነበረበት፤ የወጣው ደግሞ ጎረቤታችን ሰይድ፣ ያ ቀውላላ ነው። ስንጥቋን ሳይነካት እጁን ዘርግቶ ጫፉን ያዘና ላዩ ላይ ቁጢጥ አለ።

"ወላሂ አራተኛ ክፍል ነው!"

"ተንበርክከህ ውጣው!" ብዬ አለቀስኩ። ልጆቹ ለእሱ ፈረዱ፤ ጉማሬው አራተኛ ክፍል ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል የፈለግሁት ማዕረግ የለም።

ልጄ ከተመለሰች በኋላ ለዓረፋ ዘመድ ልጠይቅ ደሴ ወጣሁና ሰይድ ቤት ገባሁ። ጢሙ ሸብቷል፣ ወገቡም ጎብጦ ከእኔ እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። የከረጢቷን ነገር ሳጫውተው ፈገግ ብሎ "አራተኛ ነው" አለ። በል ሄደን እንየው ብዬው እያረፍን ወጣን።

ጉማሬው የለም። ፈልጠው ለቤት መሠረት አውለውታል፤ በቦታው የቆርቆሮ አጥር ቆሟል። ሰይድ አጥሩን ተደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበና "በይ፣ ሚኒስትሪ ይሁንልሽ" አለኝ።

ከልቡ ነው፣ ዓይኑ ያስታውቃል። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ጉማሬው እዚያው ቆሞ እስከ ዛሬ አራተኛ ክፍል ቢባል ይሻለኝ ነበር።